የጥገና ብራንች ለተሰጣቸው ጠያቂ

የተከበሩ ጠያቂ፣

ከተመረቁ ገና አንድ ዓመትዎ መሆኑን፣ ባልደረቦችዎ አዲሱን የሒሳብ ሶፍትዌር ሥሪት ሲገነቡ እርስዎ ግን ደንበኞች ዛሬም የሚገለገሉበትን የቀድሞ ሥሪት የጥገና ብራንች (ከዋናው ተለይቶ ለእርማት የሚቆይ የኮድ ቅርንጫፍ) እንዲይዙ መመደብዎን ገልጸው፣ «ሙያዬ ሳይዝግ ልልቀቅ ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። መልሴ ለጊዜው አይልቀቁ የሚል ነው።

በ2011 ዓ.ም. እኔም እዚያው ቦታ ነበርሁ። ጳጉሜን 6 ቀን የደረሰኝ ማተሚያው ቀኑን አልቀበልም ብሎ ስለቆመ፣ በዚያው ሌሊት ደንበኛው በሚጠቀምበት ሥሪት ብራንች ላይ አርሜ ሪሊዝ አደረግሁ (ለደንበኛው ለቀቅሁ)፤ እርማቱን አዲሱ ሥሪት ወደሚገነባበት ዋና ብራንች ማሻገር ግን ዘነጋሁ። ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣ በመሆኗ ጉድለቱ ማንም ሳያየው ቆይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. በዚያችው ዕለት አዲሱ ሥሪት ቆመ።

ከዚያ ወዲህ አመልካቾችን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስህተቱ በሁለቱም ሥሪቶች ካለ እርማቱ ከየትኛው ብራንች ይጀምራል? የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ደንብ እርማቱ አስቀድሞ መሥራቹ ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚይዘው ዋና ብራንች ገብቶ ከዚያ ወደ ተረጋጉት ሥሪቶች እንዲወርድ ያዛል፤ መጠኑንም በዙሪያው ካሉት መስመሮች ጋር በ100 መስመር ይገድባል። የጊት (የኮድ ለውጦችን መመዝገቢያ ሶፍትዌር) ፕሮጀክት የሚመክረው ግን ተቃራኒውን ነው፤ እርማቱ ከሚያስፈልጋቸው ብራንቾች በአሮጌው ላይ ተጀምሮ በመርጅ (ብራንቾችን በማዋሃድ) ወደ አዲሶቹ ይወጣል። መንገዳቸው ቢለያይም የሁለቱም ጭንቀት ሥሪቱን ያሳደገ ተጠቃሚ አንዴ የተፈታለት ችግር እንዳይመለስበት ነው።

መሥሪያ ቤትዎ የትኛውን እንደሚከተል ይጠይቁ፤ ካልተወሰነም ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፈው ያቅርቡ። እርማት የሚያሻግሩት በቼሪ-ፒክ (አንድን ለውጥ ብቻ መርጦ ወደ ሌላ ብራንች በሚቀዳው የጊት ትእዛዝ) ከሆነ «ኤክስ» (-x) የሚለውን አማራጭ አይተዉ፤ የመነሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መለያ በመልእክቱ ግርጌ ስለሚመዘግብ ከዓመታት በኋላ የሚመረምር ሰው ምንጩን ያገኛል። አዲስ ፊቸር በአሮጌው ብራንች ላይ እንዲጨምሩ ሲጠየቁ ደግሞ በትሕትና እምቢ ማለትን ይልመዱ፤ የሽያጭ ክፍሉ እንደማይወድልዎ ከወዲሁ ይወቁት።

ሲቪዎ ላይ «የጥገና ሥራ» ብለው አይለፉት፤ የትኞቹን ሥሪቶች እንደያዙ፣ ስንት እርማት እንዳሻገሩና የትኛው የኮድ ግጭት እንዳስቸገረዎት ይጻፉ። ያቀረቡትን ደንብ የሚያነብ አለቃ ካጡ ያን ጊዜ ሲቪውን ይላኩ።