የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቁ ላይ ለምን እወድቃለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያነሱት አንድ ችግር ነው፤ ሥራውን የሚችል ሰው መቻሉን በሰው ፊት ማሳየት ያቅተዋል። መልሶቹን ያዘጋጁት በሠራተኛ ቅጥርና በሥራ ፈላጊዎች ሥልጠና ላይ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሦስት ባንኮች የጽሑፍ ፈተና አልፌ ለቃል ተጠርቼ ሦስቱም ላይ ወደቅኩ። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ድምፄ ይጠፋል። ዓይናቸውን ማየት ያሳፍረኛል፤ አንገቴን እንደደፋሁ ነው የምጨርሰው። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ በታላላቆች ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግና በለሆሳስ መናገር ያደግሽበት ጨዋነት ነው፤ ጠያቂዎችሽም ያደጉት በዚያው ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው ፊት የነጥብ መስጫ ቅጽ ተቀምጧል። ስለ ሙያ ዕውቀትሽ፣ ስለ አገላለጽሽና ስለ አቀራረብሽ ለየብቻ ቁጥር ይሞላሉ። መልስሽ ትክክል ቢሆንም ካልሰሙት የሚሞሉልሽ ነጥብ የለም።

ትልቁ ጉዳት ያለው ድምፅ ላይ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። ሰው ሲፈራ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ተናግሮ መጨረሻውን ይውጠዋል። በአማርኛ ደግሞ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር በየወሩ…» ብለሽ ድምፅሽ ከወረደ፣ አንቺ አስታረቅሽው ወይስ ሌላ ሰው ሲያስታርቅ አየሽ የሚለውን ሰሚው አያውቀውም። ለዚህ መጮህ አያስፈልግም፤ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪው። ከስምንት እስከ አሥር ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ትንፋሽሽ ሳያልቅ ግሡ ላይ ድረሺ፣ አቁሚ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» የትውልድ ቦታን፣ የወላጆችን ሁኔታና የእህት ወንድም ብዛትን የሚጠይቅ አይደለም። ዘጠና ሰከንድ የሚወስድ መልስ አዘጋጂ። የተማርሽውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፤ የሠራሽውን በአራት ወይም በአምስት፤ ይህን ሥራ ለምን እንደፈለግሽ በሁለት። «ታታሪ ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ» የሚለውን ተዪው። ሁሉም አመልካች ይለዋል፤ ጠያቂው ሊያረጋግጠው አይችልም፤ አንቺም ራስሽን ማወደስ ስለሚከብድሽ ድምፅሽ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሥራውን መናገር ግን አያሳፍርም። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «በሁለት ወር ኢንተርንሺፕ የአራት ወር የሽያጭ ደረሰኞችን ከመዝገብ ጋር አመሳከርኩ። መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ አሥራ አንድ ደረሰኞች አገኘሁ። ዝርዝራቸውን አውጥቼ ለኃላፊዬ አስረከብኩ። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ የለመድኩት እዚያ ነው።» እዚህ ውስጥ አንድም የውዳሴ ቃል የለም፤ ጠያቂው ግን ጥንቁቅ ሰው መሆንሽን ራሱ ይደመድማል። ቁጥሮቹ የራስሽ ይሁኑ፤ የተፈጠረ ቁጥር በሁለተኛው ጥያቄ ይጋለጣል።

ከተመረቅሽ በኋላ ያሉትን ዓመታት አትዝለያቸው። የዘመድ ሱቅ ውስጥ የዱቤ መዝገብ ይዘሽ ወይም ዕቃ ቆጥረሽ ከሆነ ያ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ስንት ዓይነት ዕቃ፣ በየስንት ቀኑ፣ ልዩነት ሲገኝ ምን ታደርጊ እንደነበር ተናገሪ። ብዙ ተመራቂዎች ይህንን እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት «ሥራ የለኝም ነበር» ብለው ያልፉታል፤ ያሳዝናል።

ዓይንን በተመለከተ፣ የጠየቀሽን ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስክትጨርሺ እዪው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ተዘዋወሪ፤ ስትጨርሺ ወደ እሱ ተመለሺ። ዓይን ለዓይን መገጣጠም ከከበደሽ በቅንድቦቹ መካከል ተመልከቺ፤ በጠረጴዛ ርቀት ልዩነቱ አይታወቅም። ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አትያዢው፤ እጅሽ ማሰሪያውን መነካካት ይጀምራል። ወለሉ ላይ አስቀምጪው። ሰላምታ ላይ እጅ ካልዘረጉልሽ አትዘርጊ፤ ጎንበስ ብለሽ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ይበቃል።

የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ስሕተት አለ፤ ዝም ማለትና መፍጠር። ሦስት ሰከንድ ማሰብ ለአንቺ ረጅም ቢመስልሽም ለጠያቂው ምንም አይደለም። ከዚያም «ይህን በተግባር አልሠራሁትም። ቢያጋጥመኝ ግን መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው» ብለሽ የምታውቂውን ያህል ተናገሪ።

ልምምዱ በስልክ ይሁን። መልስሽን ቅጂና አዳምጪው። በመጀመሪያው ዙር «ያው»፣ «ማለቴ»፣ «እንትን»፣ «ምናምን» ስንት ጊዜ እንዳልሽ ብቻ ቁጠሪ። በሁለተኛው የተዋጡትን ግሦች ፈልጊ። ቃል በቃል አትሸምድጂው፤ የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል። የየክፍሉን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ያዢ።

ለቀጠሮው ደግሞ ሰዓቱን አረጋግጪ። «ሰኞ በ3፡00» ተብሎ የሚጻፍ መልእክት ከጠዋቱ ሦስት ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት አይታወቅም፤ በተለይ ከውጭ ድርጅት ሲመጣ ደውለሽ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለሽ ጠይቂ። ሲቪሽ ላይም ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች አትቀላቅዪ። ስትቀይሪ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ትጨምሪያለሽ፤ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጁላይ 2023 ነው። ሁሉም ላይ 8 የሚጨምሩ አመልካቾች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የለቀቁ መስለው ይታያሉ። ማኅደርሽ ውስጥ ሲቪ፣ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤትና መታወቂያ በዚህ ቅደም ተከተል ይቀመጡ፤ ዋናውና ኮፒው ለየብቻ።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚሉኝን እሰማለሁ፣ መልሱንም አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ግን ይታሰራል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ «እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ይቅርታ» ብለህ አትጀምር። ጠያቂዎቹ ከዚያ በኋላ የሚያዳምጡት ስሕተትህን ነው። የወጣውን የሥራ ማስታወቂያ አውጣና የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ግሦች ለቅመህ ጻፍ፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥራ አምስት አይበልጡም። እያንዳንዱን በኃላፊ ጊዜ ተጠቅመህ ስለ ራስህ ሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራበት፣ ጮክ ብለህም አንብበው። በዓይን ብቻ ማንበብ ምላስን አያፍታታም።

አማርኛውን በጭንቅላትህ ካሰብክ በኋላ መተርጎም ነው የሚያስርህ፤ ግሡ በሁለቱ ቋንቋዎች የሚመጣበት ቦታ ስለሚለያይ መሐል ላይ ትጠፋለህ። ስለዚህ «እኔ ይህን አደረግሁ» በሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ጀምርና ምክንያቱን በሚቀጥለው ጨምር። ጥያቄው ካልገባህ እንዲደግሙልህ ጠይቅ። አንድ ነጥብ ፈጽሞ ካልወጣልህ «ይህን በአማርኛ ላስረዳ?» ብለህ አስፈቅድ፤ ሳያስፈቅዱ ቋንቋ መቀየር ግን መሸሽ ይመስላል።

ጥያቄ፦ «ስንት ደመወዝ ትፈልጋለህ?» ሲባል «እናንተ ያያችሁትን» እላለሁ። በኋላ ግን ይቆጨኛል። የስምንት ዓመት ልምድ አለኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ «እናንተ ያያችሁትን» የሚለው መልስ ትሕትና ቢሆንም፣ ቀጣሪው የሚሰማው የራስዎን ዋጋ እንዳላሰቡበት ነው። ማስታወቂያው «በድርጅቱ ስኬል» ካለ ለድርድር ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ «በስምምነት» ካለ ግን ቁጥር ይዘው መግባት አለብዎት።

ቁጥሩ ያልተጣራ ይሁን። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ በእጅ ስንት እንደሚገባ ለማወቅ በ0.58 አባዝተው 2,050 ይደምሩ፤ ይህ ግብሩንና የሠራተኛውን 7 በመቶ ጡረታ የቀነሰ ነው። 20,000 ብር ከሆነ 4,950 ለግብር፣ 1,400 ለጡረታ ሄዶ 13,650 ይቀራል። በእጅዎ 15,000 እንዲገባ ከፈለጉ መጥራት ያለብዎት 22,300 ገደማ ነው። ብዙ ሰው የተጣራውን አስቦ ይናገራል፣ ቀጣሪው ያልተጣራ ብሎ ይጽፋል፣ ልዩነቱ የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ይታወቃል።

ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ። «ግን መደራደር ይቻላል፣ ብዙ ከሆነም ግድ የለም» ብሎ ወዲያው መጨመር በራስዎ ላይ መደራደር ነው። የአሁኑን ደመወዝዎን ከጠየቁ እውነቱን ይንገሩ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚጻፍ መዋሸት ሥራውን ያሳጣል። ከመፈረምዎ በፊት የትራንስፖርት አበልንና የሕክምና ሽፋንን ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርብዎትም።

ጥያቄ፦ ለቃለ መጠይቅ የግድ ሱፍ መግዛት አለብኝ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የለብህም። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ጨለም ያለ ሱሪና የተወለወለ ጫማ ይበቃል። የተዋሱት ሱፍ ትከሻው ላይ ሰፍቶ ወይም እጅጌው ረዝሞ ከሆነ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ቀኑን ሙሉም ስታስተካክለው ትውላለህ። የምትለብሰውን ከአንድ ቀን በፊት ለብሰህ ተቀመጥበት። ሽቶ አታብዛ፤ ክፍሉ ጠባብ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «እኛ እንዲህ አደረግን» ስል «አንቺስ?» ይሉኛል። ሲጠሩኝም በአባቴ ስም ነው፤ ግራ ይገባኛል። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እዚያ «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመሽን ጊዜ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ የሚፈልገው የአንድን ሰው ድርሻ ነው። ሁኔታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ኃላፊነትሽን በአንድ፣ ያደረግሽውን በአራት፣ ውጤቱን በአንድ ተናገሪ። «እኛ» የሚለውን ለመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርና ለውጤቱ አቆዪው፤ መሐሉ «እኔ» ይሁን። የባልደረቦችሽን ድካም እንደመስረቅ አትቁጠሪው፤ የጠየቁሽ የአንቺን ነው። እንዲህ ያሉ ስድስት ታሪኮች ካዘጋጀሽ አብዛኞቹን ጥያቄዎች ይሸፍናሉ፤ ከአገር ቤት ሥራሽም መውሰድ ትችያለሽ።

በአባትሽ ስም ሲጠሩሽ የስም አወጣጣችንን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰላም ስትዪ «እገሊት በሉኝ» ብለሽ የራስሽን ስም ቀስ አድርገሽ ሁለት ጊዜ ተናገሪ። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ከሆነ ካሜራው በዓይንሽ ልክ ይሁን፤ ስትናገሪ የሰውየውን ምስል ሳይሆን ሌንሱን እዪ። የመሥራት ፈቃድ እንዳለሽ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ ሃይማኖትሽን ከጠየቁ ግን ወደ ሥራው መመለስ ትችያለሽ። በማግስቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል መላክ እዚያ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ መሐንዲስ ነኝ። ስብሰባ ላይ ያነሣሁትን ሐሳብ ማንም ልብ አይለውም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሌላው ይደግመውና ይመሰገንበታል። አለቃችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ መቃወምም ይከብደኛል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሐሳብሽን እንዴት እንደምትጀምሪው አስተውዪ። «ይቅርታ፣ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ግን…» የሚል መግቢያ ሰሚውን ዋናው ነገር ከመምጣቱ በፊት ያሰናብተዋል። ድምዳሜውን አስቀድሚ፦ «የኮንክሪት ሙሌቱን ከዓርብ ወደ ሰኞ ብናዛውረው ይሻላል። ምክንያቱም ብረቱ የሚገባው ዓርብ ከሰዓት ነው።» በተቻለሽ መጠን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር ተናገሪ፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር መግባቱ ይከብዳል።

ሁለተኛው መከላከያ ጽሑፍ ነው። ከስብሰባው በፊት ሐሳብሽን በሦስት መስመር ለሰብሳቢው ላኪ። ቃለ ጉባኤው ሲመጣም አንብቢ፤ ያቀረብሽው ከጎደለ በዚያው ቀን እንዲታረም ጠይቂ። ሐሳብሽ በሌላ ሰው አፍ ሲመለስ «ቅድም ያነሣሁትን ስላጠናከርከው አመሰግናለሁ። ቀጣዩ ሥራ መርሐ ግብሩን መቀየር ነው፤ እኔ አዘጋጀዋለሁ» በዪ። ጠብ የለበትም፤ ሐሳቡ ግን ወደ አንቺ ይመለሳል።

አለቃሽን በሰው ፊት መቃወም በእኛ ቢሮዎች እንደ መድፈር ይቆጠራል፤ ከስብሰባው በኋላ አምስት ደቂቃ ጠይቂያቸው። «እርስዎ ያሉት ይሠራል፤ ይህ ቁጥር ግን አሳሰበኝ» ብለሽ ወረቀቱን አሳዪያቸው። አክብሮቱ በ«እርስዎ» ይታያል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ማለዘብ አያስፈልግሽም።

በመጨረሻ «እሺ» የምትዪውን ተጠንቀቂ። እንደማይደርስ እያወቁ «እሺ» ማለት ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ስም የሚያጠፋው ግን ይኸው ነው። «እሺ» ስትዪ ቀንና ሰዓት ጨምሪበት፦ «እሺ፣ ሐሙስ በ9 ሰዓት ይደርስዎታል።» ሐሙስ እንደማይደርስ ማክሰኞ ከታወቀሽ ማክሰኞውኑ ንገሪያቸው፣ አዲሱን ቀንም አብረሽ።