የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ለአባትሽ ይሆናቸዋል ወይ?

እህቴ፣ እግዜር አባትሽን ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ አዲስ አበባ በሳንባ ምች አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገብተው ቬንቲሌተር በሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ላይ ናቸው። ሐኪሞቹ ኤአርዲኤስ ነው ብለዋችኋል፤ ሳንባ ክፉኛ ተቆጥቶ ኦክስጅን ወደ ደም ማሳለፍ ሲያቅተው ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ቲፒኤ የሚባል የረጋ ደም የሚያሟሟ ፕሮቲን እንዲህ ያለውን ሳንባ ያድናል ሲባል አንብበሽ፣ ከአሜሪካ ገዝቼ ልላክ ወይ ብለሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የአይሲዩ ነርስ ነኝ። መድኃኒቱን በእጄ ሰጥቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩና የአባትሽን ፋይል ስላላየሁ፣ የምነግርሽ የማውቀውንና ያየሁትን ብቻ ነው።

እንዳትልኪ። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሳንባ በኢንፌክሽን ክፉኛ ሲቆጣ ቀጫጭን ደም ሥሮቹ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ይረጋል። የአየር ከረጢቶቹ ውስጥም ፋይብሪን ይከማቻል፤ ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ክር መሳይ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ኦክስጅን ቢገፋም ወደ ደም በደንብ አይሻገርም። ቲፒኤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፕላዝሚኖጅን ወደ ፕላዝሚን ይለውጠዋል፣ ፕላዝሚን ደግሞ ፋይብሪኑን ይቆራርጠዋል። በፋብሪካ የሚሠራው አልቴፕሌዝ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ1987 ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በ1996 ደግሞ ለስትሮክ ተፈቅዷል።

በ2020 ኮቪድ ሲያጥለቀልቀን የቦስተንና የዴንቨር ተመራማሪዎች «ለእነዚህ ሳንባዎች እንሞክረው» አሉ። በዚያው ዓመት የ3 ሕሙማን ታሪክ ታተመ። የተሰጣቸው 25 ሚሊግራም በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ሌላ 25 ሚሊግራም በ22 ሰዓት ነበር። የሦስቱም ኦክስጅን ተሻሻለ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን መሻሻሉ አልዘለቀም።

እኛም ክፍል ያየሁት ይህንኑ ነው። በዚያ ዓመት ሌላ አማራጭ ላልተገኘላቸው አንድ አባት ተሰጣቸው። ማታ የኦክስጅን ቁጥራቸው ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው፤ እኔም ልጃቸው ጋ ደውዬ ነገርኳት። በማግስቱ ተመልሶ ወረደ። ቲፒኤ ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ሳንባው ግን እንደተቆጣ ስለሆነ ደሙ እንደገና ይረጋል። በኋላ 50 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2022 ታተመ። እሱም መድኃኒቱን መደበኛ ሕክምና ለማድረግ የሚያበቃ ውጤት አላመጣም።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት የቱን ማሟሟት እንዳለበት አይመርጥም። ሳንባቸው ውስጥ ደም በረጋባቸው ሰዎች ላይ በተሠራና በ2014 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ከወሰዱት ከ100ው 2ቱ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሷል።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ መድኃኒት በትክክል ቦታው የሆነበት ሕመም አለ፦ ትልቅ የረጋ ደም፣ ብዙ ጊዜ ከእግር ተነስቶ፣ የሳንባን ደም ሥር ሲዘጋና የደም ግፊት ሲያሽቆለቁል። አንዲት ወጣት እናት እንዲህ ሆና መጥታ 100 ሚሊግራም በ2 ሰዓት ሰጠናት። ግፊቷ ዓይኔ እያየ ተመለሰ። አልቴፕሌዝ በሌለበት አገር ስትሬፕቶካይኔዝ የሚባለው የቆየና ረከስ ያለ መድኃኒት ለዚሁ ይውላል። ለብዙ ቀን የተኛ ሰው ደግሞ ኤአርዲኤስ እያለበትም ይህ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ እዚያ ያለው ወንድምሽ ሐኪሞቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ትልቅ የረጋ ደም ትጠረጥራላችሁ? ልባቸው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ታይቷል? የልባቸው የቀኙ ክፍል ተወጥሯል? አንዱ እግራቸው አብጧል? ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን እየወሰዱ ነው?

ቀጥሎ ደግሞ በሆዳቸው ይተኛሉ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሰው መድኃኒት ፍለጋ ሲንከራተት ይህ ሲረሳ በጣም ያንገበግበኛል። በ2013 ፈረንሳዮች ያሳተሙት ጥናት ከባድ ኤአርዲኤስ ያለባቸውን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት ያህል በሆዳቸው አስተኛ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 16 በመቶ ነበሩ፤ በጀርባቸው ከተኙት ግን 33 በመቶ ገደማ። የሚፈልገው ቱቦውን ጠብቀው የሚያገላብጡ የሠለጠኑ እጆች ነው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚሰጠው አየርም አነስተኛ መሆን አለበት፤ ከቁመታቸው ተነስቶ በሚሰላ ክብደት ለአንድ ኪሎ 6 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ለሁሉም በሽተኛ ሆድ ላይ መተኛት አይሆንም፣ ግን ካልተደረገ ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። አባትሽ ከዚህ በፊት ስትሮክ ይዟቸው፣ ጨጓራቸው ደምቶ፣ ወይም በቅርቡ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። እሳቸው ራሳቸው መናገር አይችሉም፤ ድንገት መድኃኒቱ ካስፈለገ ደግሞ የሚወሰነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።