የመኪና ቤት የእጅ መታጠቢያ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ላይ መኝታና መታጠቢያ አስገጥማችሁ፣ ወይም ሞተርሆም ገዝታችሁ በጣና ዙሪያ ለምትዞሩ፣ ስለ ሲንክና ስለ ቧንቧ ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ይኸው እንደ አመጣጣቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአንድ ፈረንጅ የገዛነው ሞተርሆም አለ። የፕላስቲክ ቧንቧው ስለተሰነጠቀ የሚያምር የቤት ሩቢኔት ገጠምኩለት። ስከፍተው ግን ጠብታም የለም። ፓምፑም ድምፅ አያሰማም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አላጠፋህም። በብዙ የአውሮፓ ሞተርሆሞች ላይ ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ የተነከረ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ነው። የሚያስነሳው ደግሞ ቧንቧው ራሱ ነው። እጀታው ሥር ማይክሮስዊች የሚባል ሚጢጢ ማብሪያ አለ። እጀታውን ስታነሳ ጠቅ ይልና ፓምፑ ይነሳል። አሮጌውን ቧንቧ ገልብጠህ እየው፤ ከቱቦዎቹ ጎን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥለው ታገኛለህ። የቤት ሩቢኔት ይሄ የለውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ማይክሮስዊች ያለው ቧንቧ ማስመጣት፣ ወይ ፓምፑን መቀየር። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የግፊት ማብሪያ ያለው ፓምፕ ቧንቧ ስትከፍት ግፊቱ ወርዶ ራሱ ይነሳል፣ ስትዘጋ ራሱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እዚሁ ከተማ የምታገኘው ሩቢኔት ይሠራልሃል። ብቻ አሮጌዎቹ ቱቦዎችና ማያያዣዎች ግፊቱን መቻላቸውን አረጋግጥ። ለተነከረ ፓምፕ የተሠሩት ስስ ስለሆኑ ሊያፈተልኩ ይችላሉ። ሁለቱን ሽቦዎች አጋጥሞ በፕላስተር ጠቅልሎ መገላገል ግን አይታሰብም። ፓምፑ ያለ እረፍት ይሠራል፤ ታንከሩ ሲደርቅ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ አንገቱ ረጅም የሆነ የናስ ሩቢኔት ወድጃለሁ። ሲንኩ ፕላስቲክ ነው። ይከብደዋል?

መልስ፦ ቆሞ ለሚውል መኪና አይከብደውም። አንቺ ግን ጠጠር መንገድ ትሄጃለሽ። ረጅም አንገት በየጉድጓዱ ይወዛወዛል፤ ውሎ አድሮ ሲንኩን ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጥቀዋል። አጠር ያለውን ውሰጂ። ረጅሙ ካልሆነ ካልሽ፣ ከሲንኩ ሥር ቁራጭ ኮምፔንሳቶ አስገብተሽ ዳዶውን በእሱ ላይ አጥብቂ፤ ክብደቱን እንጨቱ ይሸከመዋል። ስትገዢ ሚዛኑን በእጅሽ መዝኚ። ናስ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ናስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፍሌክሲብሉ፣ ማለት ውሃ ወደ ሩቢኔቱ የሚያመጣው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ቴፍሎን ጠቅልዬበትም ያንጠባጥባል።

መልስ፦ ቴፍሎኑን አውልቀው። የፍሌክሲብል ጫፍ ውስጥ የጎማ ቀለበት አለ፤ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው። ቴፍሎን ሲበዛበት ጎማው መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም። ጎማው ካልተቆረጠ በእጅህ አጥብቀህ በቁልፍ ትንሽ ጨምርለት፣ ይበቃል። ካናፓ (የሚጠቀለለው ቃጫ) እና ቴፍሎን ጎማ ለሌለው የብረት ጥርስ ነው።

ጥያቄ፦ ታንከራችን 60 ሊትር ነው። ሁለት ሰው ጥርስ ሲያጥብ ያልቃል ማለት ይቻላል።

መልስ፦ የተለመደ የቤት ቧንቧ በደቂቃ 8 ሊትር ቢያወጣ፣ 60 ሊትር የሚቆየው ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። የቧንቧው አፍ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባውን ወንፊት በደቂቃ 2 ወይም 3 ሊትር በሚያሳልፍ ቀይሩት። ለእጅና ለፊት አያንስም። ወንፊቱ ሲደፈን ፈታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት፤ ጥሩ አድርጎ ያለሰልሰዋል።

ጥያቄ፦ ከጣና ቀድቶ ታንከር መሙላትስ?

መልስ፦ ለመጠጥና ለጥርስ አይሆንም። ክረምት ላይ ጎርፉ ደለል ስለሚያመጣ ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ካልገባ ፓምፑም ወንፊቱም ይደፈናል። ሌላው ብልሃርዚያ ነው፤ ጥገኛው የሚገባው በቆዳ ስለሆነ መታጠብም ያስይዛል። ቆዳ የሚበሳው እጭ የሚወጣው ከውሃ ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀንድ አውጣ ያልገባበት ውሃ ሁለት ቀን ከቆየ እጩ ይሞታል። ሌላው ጀርም ግን አብሮ አይሞትም፤ ክሎሪንና ማፍላት የግድ ነው። እኔ ብሆን ከከተማ ውሃ ሞልቼ እወጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሲንኩ ከጉዞ በኋላ ይሸታል። ከሥሩ ያለውን ጥምዝ ቱቦ፣ ሲፎኑን፣ አጥበናል።

መልስ፦ ሲፎኑ ውስጥ ቆሞ ሽታውን የሚያግደው ውሃ መኪናው ሲናወጥ ይፈሳል። ስትቆሙ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት። የማያዋጣ ከሆነ ውሃ ሳያስፈልገው በጎማ ምላስ የሚዘጋ ሲፎን አለ፤ ለመኪና የሚሻለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የታጠብንበትን ሐይቁ ዳር ብንለቀውስ? ትንሽ እኮ ነው።

መልስ፦ አይሆንም፣ እባክህ። እምቦጭ የሚፋፋው ከየቦታው በሚገባ ንጥረ ነገር ነው፤ ያንተ ሳሙናና ቆሻሻም ከዚያው ይደመራል። ባልዲ ያዝና ከዳር ርቀህ ደረቅ መሬት ላይ ድፋው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነው። አዲሱን ቧንቧ ብርድ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ባሕር ዳር ላይ ሊያሳስባችሁ አይገባም። በተራሮቹ ላይ ያሉት ማደሪያዎች፣ ሳንቃበርና ጨነቅ፣ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በበጋ ሌሊት አመዳይ ይጥላል። ከመተኛታችሁ በፊት ፓምፑን አጥፉ፣ ሩቢኔቱን ክፈቱና ያለው ይውጣ፤ እጀታውንም ከፍታችሁ ተኙ። ጠዋት ፓምፑን ከማስነሳታችሁ በፊት መዝጋት እንዳትረሱ።