ለልጆችሽ የባሌ ተራሮችን አሳያቸው ከተባልኩ

ውድ ጠያቂዬ፣ በገና ሰሞን ልጆችሽን ይዘሽ ከአሜሪካ ለ10 ቀን እንደምትመጪ ጽፈሻል። የዱር እንስሳ ለማየት ኢትዮጵያ ይሻላል ወይስ ኬንያ ነው ጥያቄሽ። ሁለቱንም አይቻለሁ። ልጆቹ አንበሳና ዝሆን በብዛት ማየት ከሆነ የሚፈልጉት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኬንያ፣ ማሳይ ማራ ውሰጂያቸው። ሌላ አገር የሌለ እንስሳ በእግራቸው እየሄዱ እንዲያዩ ከፈለግሽ ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከ10ሩ ቀን ቢያንስ 5ቱን ለባሌ ብቻ ስጪ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባሌን፣ አርባ ምንጭን፣ አዋሽን በአንድ ጉዞ እንጠቀልልና ቀኑን መኪና ውስጥ እንጨርሰዋለን። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ከአዲስ አበባ በወጣን በማግስቱ ሳነቴ የሚባለው የባሌ አምባ ላይ ወጣን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። ራሴን አመመኝ ብሎ አለቀሰ፣ ከዚያ አስመለሰው፣ አንድም ቀይ ቀበሮ ሳናይ ይዘነው ወረድን። አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ መግቢያውን የምትከፍዪውም አስጎብኚ የምትይዢውም እዚያው ነው። ልጆቹ ከፍታውን እስኪለምዱ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ጽድና ኮሶው ስር የደጋ አጋዘን አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ቀስ ብላችሁ ከተጠጋችሁ ቅጠሉን ሲቀነጥብ ድምፁ ይሰማችኋል።

በሦስተኛው ቀን በጠዋት ወደ ሳነቴ ውጡ። ዛፍ የሚባል አልቆ ጅብራ ብቻ ቆሞ የሚታይበት ሰፊ ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮ የምታዩት እዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ባሌ ናቸው። የሚኖረው በቡድን ነው፣ የሚያድነው ግን ለብቻው፣ ያውም በቀን፣ ለዚህ ነው ለማየት የሚመቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ልጅ ይዘን ተመለስን። አንዱ ቀበሮ ከመኪናችን 30 እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ንቅንቅ አይልም። ፍልፈሏ ከጉድጓዷ ብቅ ስትል ዘለለ፣ ሳታት። ልጁ እጄን ጨምድዶ ይዞ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

ቀበሮዎቹ በቁጥር ለምን እንዲህ እንዳነሱ ልጆችሽ መጠየቃቸው አይቀርም። መሬቱ በእርሻና በግጦሽ እየተያዘ ነው። በዚያ ላይ ከሰው ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ይሄንን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፣ ልጆች ይገባቸዋል።

ከሳነቴ በደቡብ በኩል ስትወርዱ ሐረና ደን ትገባላችሁ። ከብርዱ ወጥታችሁ ወዲያው ጭጋግ የያዘውና ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት ትልልቅ ዛፍ ውስጥ ናችሁ። አንበሳ አለ፣ ማየት ግን ብርቅ ነው፣ ለልጆቹ ቃል እንዳትገቢላቸው። እዚያ ቡናው ራሱ በቅሎ የሚያድግ የጫካ ቡና ነው። ሪራ የምትባለው መንደር ላይ አስቆልተሽ ሳትጠጪ እንዳታልፊ።

የተረፈሽን ቀን አርባ ምንጭ አድርጊው፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ ታሳያቸዋለሽ። ሰሜን ተራሮችን፣ ጭላዳውንና ዋልያውን፣ ለሌላ ጊዜ አቆይው።

በገና ሰሞን ዝናብ ብዙም የለም፣ ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ወፍራም ካልሲ ከዚያው ይዘሽ ነይ። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ በምትነሺበት ሳምንት ዲንሾ ያሉትን አስጎብኚዎች ደውለሽ ጠይቂ። ቀኑን ስትቆርጪ እዚህ ጻፊልኝ፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን አውስሻለሁ።