ሥዕሉን ያወጣው ኤአይ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። አያትሽ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉትን ዘመን ለልጆች በሚሆን መልክ ጻፍሽው። ሥዕሎቹን ጓደኛሽ በሚድጆርኒ፣ ማለትም የፈለጉትን በጽሑፍ ሲነግሩት ሥዕል በሚያወጣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መሣሪያ አወጣቸው። ሊታተም ሲል ግን "ሽፋኑ ላይ ሠዓሊ ተብሎ ስሜ ይውጣ፣ ገቢውም እኩል ነው" አለሽ።

"ሠዓሊ" የሚለው አይገባውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው እነዚህ መሣሪያዎች ሳይታሰቡ ነው፣ ስለ ኤአይ በስም አያወራም። ግን ሥራ አመንጪ የሚለው በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው፤ ሐሳብን ብቻውን ደግሞ አይጠብቅም። "ደቻቱ ወንዝ ዳር የቆመ አሮጌ ባቡር ሣልልኝ" ማለት ሐሳብ መስጠት ነው፣ መስመሩንና ጥላውን የወሰነው ማሽኑ ነው። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ማሽን ብቻውን ላወጣው ሥዕል የቅጂ መብት የለም ብሏል። እኛን ባያስገድድም እኔ አዋጃችንን የማነበው እንደዚያው ነው።

ልፋቱን ግን አትካጂው። ፊቶቹን በእጁ አስተካክሎ ከሆነ፣ ከብዙ ምስል መርጦ ከታሪኩ ጋር ካዋሃደ፣ ያ የራሱ ሥራ ነው። "ምስሎቹን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጀ" ተብሎ ስሙ ይግባ። እውነትም ነው፣ ክብርም አለው።

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ያወጣውን ሥዕል ነገ አንዱ እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ቲሸርት ላይ አትሞ ቢሸጠው፣ መብት አለን ብላችሁ መክሰስ ሊከብዳችሁ ይችላል። ጽሑፍሽ ግን የትም ሳይመዘገብ ከጻፍሽው ቀን ጀምሮ የተጠበቀ ነው፣ ካንቺ በኋላም 50 ዓመት። ረቂቆችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ፣ እሱም የነካካቸውን ፋይሎች አያጥፋ።

ገንዘቡን በተመለከተ እሱ "እኩል" ስላለ ብቻ እኩል አይሆንም፣ የሚገዛችሁ ስምምነታችሁ ነው። ከማተሚያ ቤቱ በፊት አንድ ገጽ ውል ጻፉና ፈርሙ፤ ድርሻ፣ ስም፣ ድጋሚ እትም ይግባበት። ጓደኛሞች ነን ብላችሁ እንዳታልፉት፣ በቃል የቀረ ነገር ስንቱን ወዳጅ እንዳለያየ ቢሮዬ ውስጥ አይቻለሁ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ጎድሎብኛል፤ ታሪኩ የአያትሽ ነው። በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቂና ስማቸውን ከሁለታችሁም በፊት አስገቢው።