«ልጅሽ ተሸነፈች»

ከድሬዳዋ የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሴት ልጃችን አሜሪካ፣ በምሥራቁ ጠረፍ በኩል፣ አክስቷ ዘንድ ሆና ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። 20 ዓመቷ ነው። እዚህ እያለች ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር፤ ቁመቷን ከአባቷ ነው የወሰደችው። እዚያ እንደገባች ቁመቷን ያየች አሰልጣኝ የጀልባ ቀዘፋ ቡድን ውስጥ አስገባቻት። የድሬ ልጅና ጀልባ! እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። አባቷ ያኔ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹ዋና ትችያለሽ?›

»ባለቤቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁን ቅዳሜ ውድድር ካለ ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በርጫው እኛ ሳሎን ይሆናል፤ ቀጥታ ስርጭቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ያያይዛል። ውድድሩ ሲጀመር ተነስቶ ይቆማል። ጀልባዋ እስክትደርስ አይቀመጥም፤ የሚተነፍስም አይመስለኝ። ከዚያ ይቀመጥና ወዲያው ይደውልላታል። ‹ለምን ተቀደማችሁ? ማናት ያደከመቻችሁ?› ሲቀድሙ ‹አሸነፍን› ይላል። ሲቀደሙ ወደ እኔ ዞሮ ‹ልጅሽ ተሸነፈች› ይለኛል። በቅርቡ ከሁለተኛው ጀልባ ወደ ሦስተኛው ሲያወርዷት እህቱን አስጨንቆ ለአሰልጣኟ ኢሜይል አስጻፈ። ልጄ በሐፍረት አለቀሰች። አሁን ቅዳሜ ስልክ አታነሳም። ለእኔ ‹እማዬ፣ ማየቱን ይተው በይው› ትለኛለች። እሱ ደግሞ ‹ንቃኝ ነው፤ ጠይቂያት› ይላል። መሃል ላይ አለቅኩ። እውነቱን ልንገርዎትና ባለፈው ቅዳሜ የዋይፋዩን ገመድ ነቅዬ ‹ኔትወርክ የለም› አልኩት። ጥሩ ሰው ነው። በ98ቱ ጎርፍ ልጅቷ የአራት ወር ሕፃን ነበረች፤ ጣሪያ ላይ ታቅፏት ያደረው እሱ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የዋይፋዩን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ስለሳቅኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እኔ ሐረር ያደግኩ ሰው ነኝ። ከሐረር ድሬ ስንመላለስ ሐሮማያ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ሲደርቅ አይቻለሁ እንጂ የቀዘፋ ውድድር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ከመመለሴ በፊት ጠያየቅኩ፣ አነበብኩም። ያገኘሁት ነገር የእናንተን ቤት ጠብ ቀጥታ የሚመለከት ሆነ።

ልጅዎ በቀልድ አልገባችም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 በትምህርት ተቋማት የጾታ መድልዎን የሚከለክል ሕግ ከወጣ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶችም ሰፊ የስፖርት ዕድል መክፈት ነበረባቸው፤ ቀዘፋ ደግሞ ብዙ ልጆችን በአንዴ ይይዛል። መቅዘፊያ ነክታ የማታውቅ ረጅም ልጅ ስትገኝ «ነይ ሞክሪ» መባሏ እዚያ የተለመደ ነው።

በእነሱ ፀደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገደማ፣ የሚካሄደው ውድድር አብዛኛውን ጊዜ 2000 ሜትር ነው። በትልቁ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎች አሉ፤ ዘጠነኛዋ አትቀዝፍም፣ ወደፊት እያየች ትመራቸዋለች። ስምንቱ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። ነገሩ ሁሉ በ7 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። እንግዲህ የባለቤትዎን ጥያቄ አስቡት፤ «ማናት ያደከመቻችሁ?» ልጅቷ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ስትቀዝፍ የምታየው ከፊቷ የተቀመጠችውን ልጅ ጀርባ ነው። አሰልጣኟም ብትሆን በዓይን ብቻ አይታ አትፈርድም። በልምምድ ጊዜ ሁለት ጀልባ ታወዳድራለች፤ ከዚህኛው አንዲት፣ ከዚያኛው አንዲት ልጅ ታቀያይራለች፤ ደግማ ታወዳድርና በመሃላቸው ያለው ርቀት በማን ምክንያት እንደተለወጠ ታያለች። የቀዘፋ ማሽን ላይ የሚመዘገበው ሰዓትም አለ። ከሁለተኛ ጀልባ ወደ ሦስተኛ መውረድ በዚህ ዓይነት ልኬት የሚመጣ ነገር ነው። በአክስት ኢሜይል አይመለስም። ኢሜይሉ ያደረገው ቢኖር ለራሷ መናገር የምትችለውን የ20 ዓመት ልጅ በጓደኞቿ ፊት ሕፃን ማድረግ ነው።

የሰዓቱን ነገርም ልብ ይበሉ። እዚያ ነፋስ ሳይነሳ፣ ውሃው ረግቶ ሳለ በጠዋት መጀመር ይወዳሉ። በፀደይ ወራት በምሥራቁ ጠረፍ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ድሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቅዳሜ 9 ሰዓት ድሬ ላይ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ምሳ ተበልቷል፣ ፀሐይዋ ከዚራ ሰፈርን ጭር አድርጋዋለች፣ ጫት ከተያዘ ቆይቷል፣ ምርቃናው ገብቷል። በምርቃና የተደወለ ስልክ ደግሞ አጭር ሆኖ አያውቅም። በዚያኛው ጫፍ ያለችው ልጅ ከጀልባ ገና መውረዷ ነው። ጫማቸውን ዳር ላይ ትተው ስለሚገቡ በባዶ እግሯ ናት፤ እጇ ተላልጧል፤ ርዝመቱ 18 ሜትር የሚጠጋ ጀልባ ከጓደኞቿ ጋር ትከሻዋ ላይ ተሸክማለች፤ ተሸክመው ካወጡት በኋላም ፈታተው ተጎታች መኪና ላይ ይጭኑታል። እሳቸው የዓለምን ችግር ሁሉ ፈትተው የጨረሱበት፣ እሷ ጫማዋን ያላገኘችበት ሰዓት ነው። እንኳን አባትና ልጅ፣ ማንም አይግባባበትም።

ስለ «አሸነፍን» አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲያቸው ቡድን ባሸነፈ ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ ለብሰው የሚመጡ ተማሪዎች በዝተው ታዩ። በስልክ ሲጠየቁም ድሉን «አሸነፍን»፣ ሽንፈቱን «ተሸነፉ» ወደማለት አዘነበሉ። የእኛ አማርኛ ከዚህም ያልፋል፤ «ልጄ» የነበረችውን በአንድ ፊደል «ልጅሽ» ያደርጋታል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ ሰርተፍኬት የገባበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤትዎ ደግሞ የሚሸነፉት ብቻቸውን አይደለም። ጀመዓው ሁሉ ከትራስ ተደግፎ እያየ ነው። ስልኩ በከፊል ለልጅቷ፣ በከፊል ለጀመዓው የሚደወል ይመስለኛል፤ አባት መሆናቸው እንዲታይ።

ከደብዳቤዎ ውስጥ እየተመለስኩ ያነበብኩት ግን መቆማቸውን ነው።

ድሬ ላይ ወንዝ ማለት አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን ደቻቱ ሰው በተኛበት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እሳቸው ያን ሌሊት የአራት ወር ልጅ ታቅፈው ጣሪያ ላይ ነበሩ። ያቺው ልጅ አሁን በየሳምንቱ ውሃ ላይ ናት። በአንድ ደብዳቤ ሰው አይመረመርም፤ እሳቸውንም አላነጋገርኳቸውም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ነገር ግን ትንፋሹን ይዞ 7 ደቂቃ የሚቆም ሰው ማን እንደቀደመ ብቻ የሚያይ አይመስለኝም። እርስዎ እንደጻፉልኝ የሚቀመጡት ጀልባዋ ስትቀድም ሳይሆን ስትደርስ ነው። መጀመሪያ የጠየቁትም «ዋና ትችያለሽ?» ብለው ነው። (ብዙ ቡድኖች ልጆቹን ጀልባ ላይ ከማስወጣታቸው በፊት በዋና ይፈትኗቸዋል። ልጅቷ እንዴት እንዳለፈች ለአባቷ ነግራቸው ይሆን?)

በዚያ ሳሎን ውስጥ የሚቆሙ አባትና የሚቀመጡ አባት አሉ ማለት ነው። ስልክ የሚደውሉት የሚቀመጡት ስለሆኑ ልጅዎ የምታውቀው እሳቸውን ብቻ ነው። የሚቆሙትን አይታ አታውቅም፤ በእነዚያ 7 ደቂቃዎች እሷ ውሃ ላይ ናትና።

ወደ እርስዎ ልምጣ። በአገራችን ቤት እናት የአባትና የልጅ መንገድ ናት፤ ከጫማ መግዣ እስከ ጋብቻ ድረስ ወሬው በእሷ በኩል ያልፋል። እኔም ሳድግ አባቴን በቀጥታ የጠየቅኩት ነገር ቢቆጠር አምስት አይሞላም። ችግሩ መልእክቱ በመንገድ ላይ መለወጡ ነው። እሷ «ማየቱን ይተው» ስትል፣ እርስዎ እንዳይከፋቸው «ደክሟት ነው» ሳይሉ አልቀሩም። እሳቸው «ንቃኝ ነው» ሲሉ፣ ለእሷ «ናፍቀሽው ነው» ሆኖ ይደርሳታል። ሁለቱም እርስዎ የሠሩትን ሰው እያነጋገሩ ነው። ከዚህ ሥራ ይልቀቁ። ጠብ ሳያነሱ፣ ለሁለቱም ያንኑ ቃል ይንገሯቸው፤ «ይህን ራስሽ ንገሪው»፣ «ይህን ራስህ ጠይቃት»። ሁለት ሳምንት ያህል ቤቱ ይቀዘቅዛል። ይታገሱት፣ እንደ ድሮው ሮጠው አይሙሉት።

ከመልቀቅዎ በፊት ግን ልጅቷን አንድ ነገር ይጠይቋት፤ የከበዳት መታየቷ ነው ወይስ ስልኩ? ስልኩ ነው ብዬ እገምታለሁ። ስርጭቱ ለማንም ክፍት ነው፤ አባት ልጁን አይቶ አይጠግብም። የቅዳሜው ስልክ ግን ይቅር። እሷ እሑድ ወይም ሰኞ፣ በፈለገችበት ሰዓት ትደውል። እሳቸው ቅዳሜ ዝም ማለት ካቃታቸው በቴሌግራም አንድ የድምፅ መልእክት ይላኩ፤ ጥያቄ የሌለበት፤ «አየሁሽ፣ በሰላም ደረስሽ» ይበቃል። እርሷ ስለ ውድድሩ ካላነሳች እሳቸውም አያንሱ፤ ስለ እጇ መላላጥ፣ ስለ ምግቡ፣ ጓደኞቿ የት አገር ልጆች እንደሆኑ ይጠይቁ። አንድ አባት ይህን ምክር ስሰጣቸው «ታዲያ ምን እናወራለን?» ብለውኛል። እኔም ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው አልኳቸው።

ስለ ጎርፉም እሳቸው ራሳቸው ይንገሯት። አንድ ጊዜ፣ ጀመዓው በሌለበት፣ ያን ሌሊት ምን እንዳዩ፤ አሁን ጀልባዋ ስትነሳ ምን እንደሚሰማቸው። እዚህ ላይ በጣም እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ይህ ታሪክ «ከጎርፍ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ስልኬን ታነሻለሽ» በሚል ቃና ከወጣ ዕዳ ይሆንባታል፤ ከቅዳሜው ስልክ የባሰ ይሆናል። መናገር ከከበዳቸው ወይም ሌሊት እየቀሰቀሳቸው ከሆነ፣ እዚያው ድሬ ባለሙያ ቢያነጋግሩ ደስ ይለኛል።

ለኢሜይሉ ለአሰልጣኟ ሁለተኛ ኢሜይል አያስፈልግም፤ ልጅቷን ግን አባቷ ይቅርታ ይጠይቋት። አክስቷንም በሌላ ሥራ ይጥመዷት። እዚያ ውድድር ባለበት ሁሉ ውሃው ዳር ድንኳን ተክለው ለቡድኑ ሁሉ ምግብ የሚያቀርቡ ወላጆች አሉ። ከድሬ የሚሄድ ሰው ሲገኝ አባቷ ሐላዋ ይላኩ፤ አክስቷ ይዛ ትሂድ። ለዘጠኝ ሰው የሚበቃ ይሁን፣ መሪዋን እንዳይረሱ።

የዋይፋዩን ገመድ ዛሬውኑ ይመልሱት። ቅዳሜ በ9 ሰዓት እርስዎም ሳሎን ይግቡና አጠገባቸው ይቁሙ። ገመዱን ማን እንደነቀለው ግን፣ ልጅቷ እሑድ ደውላ ሁለቱ ሲሳሳቁ ከሰሙ በኋላ ቢነግሯቸው ይሻላል።