ሰው አልባው ኦልድ ሳረም ሁለት የፓርላማ አባል እንዴት ይልክ ነበር?

«ማንም የማይኖርበት ኦልድ ሳረም እስከ 1832 ድረስ ለእንግሊዝ ፓርላማ ሁለት አባላት እንዴት ይልክ ነበር? በጉቦ ነው?» ለሚለው ጥያቄ፦ ጉቦ የሚያስፈልገው በራሱ ፈቃድ የሚመርጥ ሰው ሲኖር ነው። እዚህ የተገዛው መሬቱ ራሱ ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው በደቡብ እንግሊዝ ዊልትሸር ውስጥ፣ ከሶልስበሪ በስተሰሜን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ኖርማኖች ምሽግና ካቴድራል ሠርተውበት ነበር። ግን ውኃ ያጥራል፣ ነፋሱ ያስቸግራል፣ ካህናቱም ከምሽጉ ወታደሮች ጋር አይስማሙም። በ1220 አዲሱ ካቴድራል ታች ሜዳው ላይ ሲጀመር ነዋሪውም ቀስ በቀስ ወረደ። አዲሲቱ ከተማ ኒው ሳረም ተባለች፤ የዛሬዋ ሶልስበሪ ናት። እሷም የራሷ ሁለት አባላት ነበሯት፤ ስለዚህ አሮጌ ሰነድ ላይ «ሳረም» የሚል ስም ብቻ ካገኛችሁ የትኛዋ እንደሆነች ሳታጣሩ የአባላቱን ዝርዝር አትቅዱ።

ኦልድ ሳረም እንደራሴ እንድትልክ የተጠራችው በ1295፣ በቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘመን ነው። ከተማ ሲፈርስ መቀመጫውን በራሱ የሚሰርዝ ደንብ አልነበረም፤ መሰረዝ የሚችለው ፓርላማው ብቻ ነው፣ በእነዚህ መቀመጫዎች የተጠቀሙት ደግሞ እዚያው ፓርላማ ውስጥ ነበሩ።

ዋናው ነገር የመምረጥ መብቱ ነው። መብቱ ከጥንቱ ከተማ በቀሩ የተወሰኑ የቦታ ይዞታዎች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ቤት ኖረበት አልኖረበት፣ ባለይዞታው እዚያ አደረ አላደረ ለውጥ የለውም። ይዞታዎቹን የጠቀለለ ሰው ግን አንድ እክል ይገጥመዋል፤ ለብቻው ስንት ቦታ ቢይዝ ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ ምርጫ ሲቃረብ ይዞታዎቹን ለሚያምናቸው ዘመዶችና ወዳጆች በሰነድ ያስተላልፋል፤ እነሱ ይመርጣሉ፤ ሲያበቃ ሰነዱ ይመለሳል። ሚስጥራዊ ድምፅ አሰጣጥ የመጣው በ1872 ስለሆነ ከዳተኛ ቢኖር ወዲያው ይታወቃል። በ1831 መራጮቹ 11 ነበሩ፤ አንዳቸውም አይኖሩበትም። ምርጫው ይካሄድ የነበረውም ሜዳ ላይ፣ አንድ የኤልም ዛፍ ሥር ነው።

ስለዚህ የዚህን ምርጫ ክልል ታሪክ በፓርቲ ሳይሆን በባለቤት ተከተሉት። በ1690ዎቹ መጀመሪያ የገዛው ቶማስ ፒት ነው፤ በኋላ በሕንድ የማድራስ ገዢ ሆኖ፣ ያገኘውን ትልቅ አልማዝ በ1717 በሕፃኑ ንጉሥ ፈንታ ፈረንሳይን ያስተዳድር ለነበረው መስፍን የሸጠው ሰው። የልጅ ልጁ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ትልቁ ዊልያም ፒት፣ ፓርላማ የገባው በዚሁ መቀመጫ በየካቲት 1735 ነው። የጊዜው ሰነድ ግን 1734 ሊል ይችላል፤ እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ዘመን የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ነበርና ስሕተት አይምሰላችሁ። በ1801 ደግሞ የጊዜው ባለቤት ሎርድ ካመልፎርድ ቄስ የነበረውን ጆን ሆርን ቱክን አስመረጠ። ምክር ቤቱ ተናዶ ቀሳውስት እንዳይመረጡ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ግን ለወደፊት ስለነበር ሰውዬው እስከሚቀጥለው ምርጫ ተቀመጠ። ከዚያ ይዞታው ለሎርድ ካሌዶን ተሸጠ።

በ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ መቀመጫቸውን በሙሉ ካጡት 56 ከተሞች አንዷ ኦልድ ሳረም ናት። ማንቸስተር፣ በርሚንግሃምና ሊድስ በዚያው ሕግ ሁለት ሁለት አገኙ።

ባሕር ከበላት ከሌላዋ የእንግሊዝ ከተማ ከደንዊች ጋር ግን አንድ ላይ አትፈርጇት። እዚያ መብቱ የከተማዋ ሙሉ አባላት ለሆኑ ሰዎች እንጂ ለቦታው አልነበረም፤ መቀመጫውን የሚፈልግ ባለሀብት ከሰዎቹ ጋር መደራደር ነበረበት።